የአሸናፊዎች እትም፦ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን

በዓመት አንዱን የመጽሔታችንን እትም ለአሸናፊዎች እንለቃለን። ግማሹ ግጥም፣ ግማሹ ሥዕል። የውድድሩ ጥሪ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያው ጥያቄ በቴሌግራም ይመጣል፣ በስልክ ይመጣል፣ አንዴ እንዲያውም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከኋላዬ መጣ። ሰብሰብ አድርጌ እዚሁ ልመልስ። መልሱ የእኔ ነው። ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ በጠቅላላው ሦስት ነን፣ ሁለቱ በአንዳንዱ አይስማሙም።

ግጥምና ሥዕልን ምን አገናኛቸው? ለየብቻ ቢሆን አይሻልም?

የሚሸለሙት ለየብቻ ነው። የሚታተሙት ግን ጎን ለጎን ነው፣ በዚህ አንደራደርም።

ሐሳቡ የመጣው ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስናወራ ነው። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ ተመልሶ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሰው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ስለዚህ ልጁ ፊደልና ሥዕል አንድ ገጽ ላይ አብረው ሲያድሩ እያየ ያደገ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ለሥዕሉ። ግጥምም ይጽፍ ነበር፣ ያውም ከሥዕሉ የማያንስ፤ ግጥሞቹ ተሰብስበው መጽሐፍ የሆኑት ግን በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እኔን ይሄ ነገር ያናድደኛል። አንድ እጁ አደባባይ ተሸልሞ ሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ እንደቀረ ነው የማየው።

ስለዚህ በእኛ መጽሔት ገጹን ስትገልጡ በግራ ሥዕል፣ በቀኝ ግጥም ታገኛላችሁ። ሥዕሉ ለግጥሙ ማስጌጫ አይደለም። ግጥሙም የሥዕሉ ማብራሪያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የምንወስነው እኛ ነን። የዓመቱ ትልቁ ጭቅጭቃችንም እሱ ነው። ስለ ባሕር የተጻፈ ግጥም አጠገብ የባሕር ሥዕል ማድረግ ቀላል ነው፣ ግን ሁለቱንም ይገድላቸዋል። አምና ስለ ቀብር የተጻፈ ግጥም ከአንድ ደማቅ የገበያ ሥዕል ጋር አስቀመጥን። ሥዕሉ ላይ ጥግ ይዛ ጀርባዋን የሰጠች ሴት አለች። ሥዕሉን መጀመሪያ ብቻውን ስናይ ማናችንም ልብ አላልናትም ነበር። ግጥሙን አንብባችሁ ወደ ግራ ስትዞሩ ግን ዓይናችሁ ቀጥታ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዳኞቹ እነማን ናቸው? ትውውቅ የለበትም?

ሦስት ናቸው፣ በየዓመቱ ይቀየራሉ፣ ስማቸው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መጽሔቱ ላይ ይወጣል። ሥራው ሲደርሳቸው የላኪው ስም የለበትም። ትውውቅ የለም ብዬ ግን አልምልም። የግጥም ሰፈር ጠባብ ነው፣ አንዳንዱን ሰው ከመጀመሪያው ስንኝ ታውቀዋለህ። ዳኛው «ይሄንን ሰውዬ አወቅኩት» ካለ በዚያ ግጥም ላይ ድምፅ አይሰጥም፣ ሕጋችን ይሄ ነው። በታማኝነት ይሠራል፣ እስካሁን አላሳፈረንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤቱ ወስዶ ለብቻው ያነባል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እንሰበሰብና የተመረጡት ጮክ ተብለው ይነበባሉ። የሚያነበው ከዳኞቹ አንዱ አይደለም፣ ድምፁ ጥሩ የሆነ ሰውም አይደለም። ሆን ብለን ነው። ድምፀ መልካም ሰው ደካማ ግጥም ያስመልጣል። ግጥም አንብቦ የማያውቅ፣ የሚደናቀፍ ሰው ሲያነበው የቆመ ግጥም ያኔ ይታወቃል።

ግጥሜ ቤት ካልመታ አይታይም?

ይታያል። ቤት የማይመታ ግጥም ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ግን ከልቤ ልንገራችሁ፣ ቤት የማይመታው ግጥም ሲላክልን አብዛኛው ስድ ንባብን እየቆራረጡ ወደ ታች መደርደር ነው። ቤት መምታቱን ስትተዉት በምትኩ ሌላ የሚያቆመው ነገር መኖር አለበት፣ ምት ይሁን፣ ምስል ይሁን፣ እንጃ ብቻ የሆነ ነገር።

ቤት የሚመታውም ቢሆን ከችግር አይድንም። «ሕይወት» ከመጣ «ሞት»፣ «ፍቅር» ከመጣ «ምስክር» ይከተላል። ዳኛ ደግሞ ሰው ነው፣ በሃያኛው «ምስክር» ላይ ይደክመዋል።

ግጥሙን በምን መልክ ልላክ?

በዩኒኮድ ተይቡ፣ ማለትም ስልኩም ኮምፒውተሩም ሁሉ በሚያነበው የፊደል አሠራር። ኢትዮፒክ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ ሩብ ክፍለ ዘመን አለፈው፣ እኛ ጋ ግን አሁንም በድሮው የመተየቢያ ፕሮግራም በፓወር ግእዝ የተተየበ ፋይል ይመጣል። እኛ ስንከፍተው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ይላል። እንቀይረዋለን፣ ስንቀይረው አንድ ሁለት ፊደል ይጠፋል፣ የጠፋችው ፊደል ደግሞ ሁልጊዜ ወርቁ ያለባት ቃል ላይ ነች።

ስንኙ የት እንደሚሰበር እናንተ ወስኑ፣ ቁርጥ አድርጋችሁ። ይሄ ቀላል ይመስላል። እስቲ አሁን እዚሁ የሠራኋትን እዩ፦

እማዬ ቆላችው ቡናውን በሌሊት፣
ጭሱ ቀደመና በሩን ከፈተላት።

የወል ቤት ናት፣ ስድስት ስድስት እየሆነች በመሃል ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አሥራ ሁለት ቀለም (ክፍለ ቃል ማለት ነው) ሲሞላ ቤት ትመታለች። ገጹ ጠበበና ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሰብራት ደግሞ ይሄንን ትሆናለች፦

እማዬ ቆላችው ቡናውን
በሌሊት፣ ጭሱ ቀደመና
በሩን ከፈተላት።

አንድም ቃል አልተነካም። ግን «በሌሊት» እና «ከፈተላት» አልተገናኙም፣ ትንፋሹም ቦታውን ለቀቀ። አሁን ሴትየዋ ሌሊት የቆላችው ሳይሆን ጭሱ በሌሊት የቀደመ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ዲዛይን ከተሠራ በኋላ ገጹን ፎቶ አንስተን ለገጣሚው የምንልከው። «አይቼዋለሁ፣ ይሁን» የሚል መልስ ሳይመጣ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ይሄ የሚያዘገየን ነገር ነው። ያዘግየን።

ሥዕሌን እንዴት ፎቶ ላንሳው?

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ጥሩ ሥዕል የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ጥሩ ስልክ ይበቃል። ፍላሽ አጥፉ። ፀሐይ በቀጥታ የምትመታበት ቦታ አታንሱ፣ በተለይ የዘይት ቀለም ከሆነ ያንጸባርቃል፣ መሃሉ ላይ ነጭ ጉድፍ ይወጣል። ጥላ ያለበት በረንዳ ወይ ትልቅ መስኮት አጠገብ፣ ጠዋት። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ስልኩን ከሥዕሉ መሃል ትክክል ያዙ። ወለል ላይ አስደግፋችሁ ከላይ ካነሳችሁት ሥሩ ይጠብና ሥዕሉ ሣጥን ሳይሆን ድስት ይመስላል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ወረቀት ላይ ይታያል። መጽሔታችን ኤ5 ነው፣ ሙሉ ገጽ ለመሙላት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢያንስ 1748 በ2480 ፒክስል ይፈልጋል። ቁጥሩ ካስጠላችሁ ተዉት፣ ብቻ ስልካችሁ ያነሳውን ሳትነኩት፣ ሳትቆርጡት፣ ማሳመሪያ ሳትጨምሩበት ላኩልን።

ስለ ቀለም አንድ ነገር እወቁ። ስክሪን ላይ የምታዩት ብርሃን ነው። ወረቀት ላይ የሚመጣው ቀለም ነው፣ ያውም አራት ብቻ፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ተደባልቀው ነው ሁሉም የሚወጣው። ኃይለኛ ሰማያዊና ደማቅ ብርቱካናማ ሁልጊዜ ትንሽ ይሞታሉ። ስለዚህ ማተሚያ ቤት የሙከራ ቅጂ አስወጥተን፣ ከተቻለ ከዋናው ሥዕል አጠገብ አድርገን፣ በቀን ብርሃን እናያለን። ሠዓሊው አዲስ አበባ ካለ ይመጣል። አንዱ መጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ አየና «ቀዩ ቀይ ነው፣ ግን ያኔ የነበረው ቀይ አይደለም» አለ። አስተካከልነው። ምን እንዳስተካከልን አሁንም በትክክል አላውቅም፣ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ነው የገባው።

የመጨረሻውን አደራ። ከሥዕሉ ጀርባ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አድርጉና ጀርባውንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ምክንያቱን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ገልብጠን አተምን። አንደኛ የወጣውን! ሠዓሊዋ የአሸናፊዎቹ ምሽት ላይ መጣች፣ መጽሔቱን አነሳች፣ ገጹን ገለጠች፣ አየች። ምንም አላለችም። ቀስ ብላ መጽሔቱን ገልብጣ ያዘችውና ማየቷን ቀጠለች። አጠገቧ የተቀመጡትም አዩዋትና የየራሳቸውን ገለበጡ፣ ከዚያ ከኋላቸው ያሉት፣ እንዲያ እንዲያ እያለ አዳራሹ ግማሹ መጽሔቱን ዘቅዝቆ ይዞ ተቀመጠ። መድረክ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ፋይሉን ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ሽልማቱ ስንት ብር ነው?

ትንሽ። ብሩን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ፣ አንቀየምም። ለጓደኞች ምሳ ይጋብዛል፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ሌላ የምንሰጠው አለ። ግጥሙ ሙሉ የቀኝ ገጽ ያገኛል። ከሥሩ ማስታወቂያ የለም፣ የተረፈ ቦታ ለመሙላት የሚገባ ቀልድ የለም። ሥዕሉ በቀለም፣ በአርት ፔፐር ይታተማል። ባለ ቀለሙ ደግሞ አንድ ፎርም ብቻ ነው፣ ማለትም 16 ገጽ፣ ሁለተኛ ፎርም የማስገባት አቅም የለንም። ስምንት ሥዕል፣ ስምንት ግጥም። «ለምን ዘጠነኛ የለም?» ለምትሉን መልሱ ጥበባዊ አይደለም። ወረቀት ሲታጠፍ 16 ስለሚሆን ነው።

ቅጂ አምስት ይሰጣችኋል። ተጨማሪ የፈለገ በማሳተሚያ ዋጋ ይገዛል።

ሌላ ቦታ የተሸለመ ሥራ ትቀበላላችሁ?

እንቀበላለን፣ ለዚያ የተለየ ዓምድ አለን። እዚያ ውድድር የለም፣ ደስታ ብቻ ነው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ይሸለማል፣ ዜናው ለሁለት ቀን ፌስቡክ ላይ እንኳን ደስ አለህ ይባልበታል፣ የተሸለመበትን ሥራ ያነበበ ግን ስትፈልግ የለም። እኛ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት ፎቶ አናወጣም። ሥራውን እናወጣለን።

ከሀገር ውጭ የሚጽፉትንም እንከታተላለን። ለምሳሌ ማህተም ሽፈራው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ያደገች፣ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ገጣሚ ነች፣ የሲለርማንን የአፍሪካ ገጣሚያን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት በ2015 እ.ኤ.አ. ተሸልማለች። ሥዕልም ትሠራለች፣ ማለትም ያ የገብረ ክርስቶስ ነገር እንደገና መጣ ማለት ነው። ገጣሚው ለምን ሲሳይም አለ፣ እንግሊዝ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ በ2019 የፔን ፒንተር ሽልማትን ያገኘ። እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ስናነሳ ግጥማቸውን ተርጉመን ዝም ብለን አናትምም፤ ፈቃድ ይጠየቃል፣ መልስ ካልመጣ ስለ ሥራው ጽፈን እናልፋለን። «እስቲ ማን ያውቃል አማርኛ ነው» እያሉ የሰው ግጥም ማተም ነውር ነው።

ካተማችሁት በኋላ መብቱ የማን ነው?

የእናንተ። እኛ የምንወስደው አንድ ጊዜ የማተም ፈቃድ ነው፣ እሱም በወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ። ከፈለጋችሁ በማግሥቱ ለሌላ መጽሔት ስጡት፣ መጽሐፋችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ካፌ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ገንዘብ ነክ መብት እሱ በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ግጥም አንድ ገጽ ስለሆነ የማንም አይደለም የሚል አስተሳሰብ አለ፣ ልክ አይደለም።

ሠዓሊዎች ደግሞ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አለ፦ «ሥዕሉን ሸጬዋለሁ፣ ልልከው እችላለሁ?» የገዛው ሰው የገዛው ሸራውን ነው። የማባዛት መብቱን በጽሑፍ ካልሰጣችሁት አሁንም እናንተ ጋ ነው። ቢሆንም ለሰውየው ንገሩት። ሳሎኑ የተሰቀለ ሥዕል መጽሔት ላይ ሲያገኘው ይደነግጣል፣ ወይ ደግሞ ደስ ብሎት አሥር ቅጂ ይገዛናል።

በኤአይ የተሠራ ትቀበላላችሁ?

አይ።

ካላሸነፍኩ ምክንያቱን ትነግሩኛላችሁ?

የመጨረሻው ዙር ከደረሳችሁ አዎ፣ ሦስት አራት መስመር እንጽፋለን። ለሁሉም መጻፍ አንችልም። የምንጽፈው ደግሞ «ይበል የሚያሰኝ ነው፣ በርታ» አይደለም። የትኛው ስንኝ ላይ አንባቢው እንደተደናቀፈ፣ ዳኞቹ የት ላይ እንደተለያዩ ነው። ይህን ደብዳቤ ተቀብሎ የተቆጣ አለ። በሚቀጥለው ዓመት አስተካክሎ የላከና ያሸነፈም አለ። የሚገርመው ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

የአሸናፊዎቹ ምሽት ምን ይመስላል? ማን ይጋበዛል?

ሁሉም። መግቢያ ነፃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግጥም ለመስማት ሰው አይወጣም የሚል ሰው ጦቢያ ግጥም በጃዝ በየወሩ ራስ ሆቴል ይዘጋጅ በነበረ ጊዜ ሰልፉን አላየም ማለት ነው። እኛ ጃዝ የለንም፣ አንድ የክራር ተጫዋች ወዳጅ አለን፣ እሱም አንዳንዴ ያረፍዳል። ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፣ ዋናዎቹ ራሳቸው። ገጣሚው ከተመደበለት ሥዕል አጠገብ ቆሞ ያነባል። የክብር እንግዳ ንግግር የለም። ቡና አለ፣ ፈንዲሻ አለ።

ማንበብ የማይፈልግ ገጣሚ አይገደድም። ድምፁ የሚንቀጠቀጥም ካለ ይንቀጥቀጥ፣ ማንም አይስቅም።

ውጭ ሀገር ነኝ፣ መጽሔቱ እንዴት ይደርሰኛል?

በሰው። የፖስታው ዋጋ ከመጽሔቱ ይበልጣል። ዋሽንግተንም ሁኑ ቴል አቪቭ ወይ ዱባይ፣ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ንገሩን፣ ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮው መሃል አንድ ቦታ እንለምናለን። ሽታውን ግን እኛ አንጠየቅም። ሥራ መላክ ለምትፈልጉ ደግሞ ከየትም ሆናችሁ መወዳደር ትችላላችሁ፣ ግጥሙ አማርኛ ይሁን እንጂ።

የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?

ጥቅምት 30፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። በሀበሻ ሰዓት፣ በአዲስ አበባ። እባካችሁ ይሄንን ልብ በሉ። አምና አንድ ሰው ከአሜሪካ «ገና 6 ሰዓት አልሆነም» ብሎ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ላከ፣ በእሱ ስልክ እውነቱን ነው። ተከራከርን። ተቀበልነው። ዘንድሮ አንቀበልም።